የሁመራ ዘር ወለጋ ቢዘራ የሁመራ ሰሊጥ ይሆናል ወይ?



ዛሬ የዕለት ዋጋ አናወራም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁንን አንድ ጥያቄ እንመልሳለን። ጥያቄው በተለያየ አነጋገር ይመጣል እንጂ ፍሬው አንድ ነው፦ «የሁመራን ዘር ወስደን ሌላ ቦታ ብንዘራው የሁመራ ዋጋ እናገኛለን?»

ዩኒየኖች ይህን የሚጠይቁት ለአባላት የሚከፋፈል ዘር ለመምረጥ ነው። ነጋዴው ደግሞ ከመተከል ወይም ከወለጋ ነጭ ሰሊጥ ሲቀርብለት «ይሄ እንደ ሁመራ ይሸጥልኛል?» ብሎ ነው። ላኪው ኮንትራት ፈርሞ የሁመራ ጭነት ሲያጥረው ከየት እንደሚሞላው ይጨነቃል። ሦስቱም ጋ ብር አለበት።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ ቀለሙን ዘሩ ይዞት ይሄዳል። ምርቱን፣ የፍሬውን ሙላት፣ ንጽሕናውንና የዘይቱን መጠን ግን አየሩ፣ ዝናቡና አፈሩ ይወስኑታል። ስለዚህ ዘር ብቻ አጓጉዞ ዋጋ ማጓጓዝ አይቻልም። ረጅሙ መልስ ለምን እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚሻል ነው፤ ትንሽ ታገሱን።

📌 መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ገበያ ላይ «ሁመራ»፣ «ጎንደር»፣ «ወለጋ» ስንል የዝርያ ስም እየጠራን አይደለም። የቦታና የመልክ ስም ነው። የሁመራ የሚባለው ነጭ፣ ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ለጣሂናና ለዳቦ ቤት ይፈለጋል። የእስራኤል ጣሂና ፋብሪካዎች ስሙን ጠርተው የሚገዙት ለዚህ ነው። የመተማና የአርማጭሆ አካባቢው የጎንደር ሰሊጥ ከሱ ጋር ተቀራራቢ ነው። የወለጋው ወደ ቡናማና ቀላ ያለ መልክ ይሄዳል፣ ፍሬው አነስ ይላል፣ በዘይት ይዘቱ ግን ስም አለው፤ ዘይት ጨማቂዎች ይወዱታል። ምርት ገበያውም ሰሊጥን ሲመድብ መልኩንና መነሻውን ይለያል።

ከእነዚህ የገበያ ስሞች ሥር ግን ትክክለኛ ዝርያዎች አሉ። በሁመራ በኩል ገበሬው ለረጅም ጊዜ የያዘው «ሂርሂር» የሚባለው የአካባቢ ዘር አለ። የሁመራ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 «ሰቲት 1» እና «ሁመራ 1» የተባሉትን አወጣ። በወለጋ በኩል የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 «ኦብሳ» እና «ዲቾ»ን ለቀቀ። በአፋር የወረር ምርምር ማዕከል ደግሞ በመስኖ የሚለሙትን ጨምሮ እንደ «አዲ» ያሉ ቀደምት ዝርያዎች የወጡበት ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ማዕከላት እርስ በርስ እየተፎካከሩ አይደለም የተለያየ ዝርያ ያወጡት። እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ችግር እየፈታ ነው። ሰቲት 1 ዝናብ ቶሎ ለሚወጣበት ቆላ የተመረጠ ቶሎ ደራሽ ነው። ኦብሳና ዲቾ ደግሞ ዝናብ ለሚበዛበት፣ በሽታ ለሚያስቸግርበት ምዕራብ የተመረጡ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ መዝራት ማለት አንዱ ቤት ለታመመ ሰው የታዘዘውን መድኃኒት ለጎረቤት እንደመስጠት ነው።

📌 ሁመራና ወለጋ ምን ያህል ይራራቃሉ?

ሁመራ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝናቧ በዓመት ከ400 እስከ 650 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱም በሰኔ ይገባና መስከረም ላይ ይወጣል። መተማ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ዝናቧም ይሻላል። የወለጋ ሰሊጥ የሚበቅለው በአንገር ሸለቆና በመሳሰሉት ቆላማ ቦታዎች ቢሆንም እነሱ ራሳቸው ከ1,200 ሜትር በላይ ናቸው። ዝናቡ ከ1,200 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል።

1,000 ሜትር ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ቦታዎች መሀል 4 እና 5 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት፣ እጥፍና ከዚያ በላይ የዝናብ ልዩነት አለ ማለት ነው። ለሰሊጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰሊጥ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሲያገኝ ይስማማዋል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይጎተታል፣ ዕድሜው ይረዝማል። አንዴ ሥር ከሰደደ ድርቅ ይችላል። የማይችለው የተኛ ውሃ ነው፤ ጥቁር አፈር ላይ ውሃ ለሁለት ለሦስት ቀን ከተኛበት ቅጠሉ ይቢጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ደረቅ አየር ይፈልጋል። ፍሬው ሊደርስ ሲል ዝናብ ከመጣበት ነጩ ይጠቁራል፣ ይሻግታል።

ሰሊጥ እንግዲህ «ውሃ ስጠኝ፣ ግን አታስተኛብኝ፣ ስደርስ ደግሞ ተወኝ» የሚል ሰብል ነው። ይህን የሚያሟላ ቦታ ብዙ አይደለም። የሁመራ ስም የመጣውም ከዚህ ነው፦ ሙቀቱ ሙሉ፣ ዝናቡ አጭር፣ አጨዳው ደረቅ።

📌 ዘሩ ቦታ ሲቀይር ምን ይሆናል?

👉 የሁመራው ወደ ወለጋ ሲሄድ። ነጭ ፍሬ ያፈራል፣ ቀለሙ በዘር የሚወረስ ስለሆነ። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ምዕራቡ እርጥብ ስለሆነ የባክቴሪያ የቅጠል በሽታ አለ፤ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እየሠራ ግንዱንና ቆባውን የሚያደርቀው ማለት ነው። ለደረቅ ቦታ የተመረጠ ዘር ይህን በሽታ ላይቋቋመው ይችላል። ሁለተኛ፣ ቶሎ ደራሽ ስለሆነ ዝናቡ ገና ሳይወጣ ይደርሳል። ቆባው ሊከፈት ሲል ከላይ ዝናብ ይወርድበታል። አጭዳችሁ ብትከምሩት ክምሩ አይደርቅም፣ ብትተዉት ማሳው ላይ ይረግፋል ወይም ይሻግታል። በመጨረሻ የምታገኙት «ነጭ ነበር» የሚባል፣ የደበዘዘና ነጠብጣብ ያለበት ሰሊጥ ነው። ገዢው ሳምፕሉን አይቶ የሁመራ ዋጋ አይሰጠውም።

👉 የወለጋው ወደ ሁመራ ሲሄድ። እዚህ ደግሞ ዝናቡ ቀድሞ ይወጣል። ዘሩ ዕድሜው ረዘም ያለ ስለሆነ አናቱ ላይ ገና አበባ እያወጣ እርጥበቱ ያልቅበታል። የታችኞቹ ቆባዎች ይሞላሉ፤ የላይኞቹ ጭብጥ ብለው የተጨማደደ ፍሬ ይይዛሉ። ኩንታሉ ሲመዘን ያሳስቃል። በማበጠሪያ ሲያልፍ ግን ቀጫጫው ፍሬ ከወንፊቱ ሥር ይወርዳል። ሲገዛ ክብደቱን የከፈለበት ነጋዴ ሲያበጥር ይከስራል።

ሁለቱም ዝርያዎች በየቤታቸው ጥሩ ናቸው። ቤት ሲቀይሩ ደረጃቸው ይገለበጣል። ተመራማሪዎች «የዝርያና የአካባቢ መስተጋብር» የሚሉት ይህንን ነው፤ በገበያ ቋንቋ ስናወራው፦ «በጣም ጥሩ ዝርያ» የሚባል ነገር ብቻውን የለም። «እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ ዝርያ» ነው ያለው።

ከውጭ የሚመጣ ዘርም ከዚህ አያመልጥም። ሰሊጥ የቀኑን ርዝመት ይቆጥራል፤ ቀኑ ሲያጥር ወደ ማበብ ይቸኩላል። የበጋው ቀን በሚረዝምበት ሀገር የተመረጠ ዘር ከምድር ወገብ አቅራቢያ ሲመጣ ሳያድግ ሊያብብ ይችላል። «በሀገሩ ይህን ያህል ኩንታል ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን አስቡ።

📌 «በምርምር 10 ኩንታል ሰጠ» ሲባል

የሀገራችን የሰሊጥ አማካይ ምርት በሄክታር ከ6 እስከ 8 ኩንታል አካባቢ ሲንከላወስ የኖረ ነው። የዝርያ መግለጫ ላይ ግን 10 እና ከዚያ በላይ ሲጻፍ ታያላችሁ። ውሸት አይደለም። ሁኔታው ነው የተለየው፦ ትንሽ መደብ፣ በመስመር የተዘራ፣ ማዳበሪያ ያገኘ፣ በሰዓቱ የታረመ፣ ቆባው ሳይከፈት የታጨደ። እናንተ ጋ በብተና ይዘራል፣ የቀን ሠራተኛ ሲጠፋ አረሙ አንድ ሳምንት ይዘገያል፣ አጨዳውም እንደዚያው። ሰሊጥ ደግሞ ዘግይቶ የታጨደ እንደሆነ መሬቱ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ዝርያ ሲቀርብላችሁ ኩንታሉን ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

▪ የት የት ተፈተነ? ከእናንተ ከፍታና ዝናብ ጋር የሚመሳሰል ቦታ አለበት?
▪ ስንት ዓመት? አንድ ዓመት ከሆነ የዚያን ዓመት ዝናብ ነው የለካችሁት እንጂ ዝርያውን አይደለም።
▪ ከምን ጋር ተወዳደረ? የአካባቢያችሁ ዘር ማወዳደሪያ ሆኖ ገብቷል?
▪ በመጥፎው ዓመት ስንት ሰጠ?

የመጨረሻው ጥያቄ ለኪሳችሁ በጣም ይጠቅማል። በብዙ ቦታ በሚደረግ ሙከራ ላይ የምርቱን ልዩነት አብዛኛውን የሚያመጣው ቦታውና ዓመቱ ነው፤ የዝርያው ድርሻ ያንሳል። ዝርያ ስትመርጡ በአንድ በኩል የምርት መጠን፣ በሌላ በኩል ደግሞ የዝናብ ዋስትና እየመረጣችሁ ነው።

📌 ሒሳቡን እንሥራው

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የወሰድናቸው ናቸው፤ የማንም ዝርያ ትክክለኛ ውጤት አይደሉም።

አንድ ዩኒየን የአባላቱ 300 ሄክታር አለው እንበል። ሁለት አማራጭ ዘር ቀረበለት። ዘግይቶ የሚደርሰው ዝናብ በጠገበ ዓመት በሄክታር 8 ኩንታል፣ ዝናብ ቀድሞ በወጣ ዓመት 4 ኩንታል ይሰጣል። ቶሎ ደራሹ በጥሩው ዓመት 6.5፣ በመጥፎው 6 ኩንታል ይሰጣል። ከአምስት ዓመት ሦስቱ ጥሩ፣ ሁለቱ መጥፎ ናቸው ብንል፦

▪ ዘግይቶ ደራሹ፦ በአምስት ዓመት 9,600 ኩንታል
▪ ቶሎ ደራሹ፦ በአምስት ዓመት 9,450 ኩንታል

ልዩነቱ 150 ኩንታል ብቻ ነው። «ታዲያ የመጀመሪያው አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። አሁን ዩኒየኑ በየዓመቱ 1,800 ኩንታል ሊያቀርብ ከላኪ ጋር ተዋውሏል እንበል። ቶሎ ደራሹን የዘራ እንደሆነ በመጥፎው ዓመትም ልክ 1,800 ኩንታል አለው። ዘግይቶ ደራሹን የዘራ እንደሆነ ግን በመጥፎው ዓመት እጁ ላይ ያለው 1,200 ነው። የጎደለውን 600 ኩንታል ከገበያ ገዝቶ መሙላት አለበት። ያ ዓመት ደግሞ ለሁሉም ጎረቤት መጥፎ ስለሆነ ዋጋው ይንራል። ከውሉ ዋጋ በኩንታል 2,000 ብር ከበለጠ 1.2 ሚሊዮን ብር በአንድ ዓመት ወጣ ማለት ነው። በአምስት ዓመት 150 ኩንታል ለማትረፍ ሁለት ጊዜ 600 ኩንታል ፍለጋ መውጣት!

ኮንትራት የሌለው፣ በየቀኑ ዋጋ የሚሸጥ ገበሬ ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። እሱም ቢሆን ሌላው ሲያጣ ያለው ሰው መሆን ይጠቅመዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ እኛ ጋ ዝናብ ስላጠረ የዓለም ዋጋ ይጨምራል ብላችሁ አትመኑ። ቻይና ዋናዋ ገዢ ናት፤ ግን ከሱዳንም፣ ከናይጄሪያም፣ ከታንዛኒያም፣ ከፓኪስታንም ትገዛለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ደግሞ ለብራዚል ሰሊጥ በሯን የሚከፍት ስምምነት ተፈራርማለች። የእኛ እጥረት የሀገር ውስጡን ዋጋ ሊያንረው ይችላል፤ የውጪውን ግን አብሮ ላያነሳው ይችላል። በመሀል የሚጨመቀው ላኪው ነው።

📌 የትኛው ጥራት ከየት ይመጣል?

ገዢው ስፔክ ሲልክላችሁ መስመር በመስመር ስታዩት የትኛው በዘር፣ የትኛው በአየር፣ የትኛው በአያያዝ እንደሚስተካከል ማወቅ አለባችሁ። አለበለዚያ በማበጠሪያ የማይፈታውን በማበጠሪያ ልትፈቱ ትሞክራላችሁ።

ቀለም፦ በዋናነት ከዘር ነው። የነጭ ዘር ቡናማ እንዲሆን አየር አያደርገውም። የነጭነቱን ጥራት ግን በአጨዳ ሰዓት ያለው ዝናብ ያበላሸዋል።

የፍሬ መጠንና ሙላት፦ ዘሩ ጣሪያውን ይወስናል፤ ከአበባ በኋላ የሚገኘው እርጥበት ደግሞ ጣሪያው ላይ መድረስ አለመድረሱን። ዝናብ ቀድሞ በወጣበት ዓመት የሁመራም ሰሊጥ ቢሆን ይቀጭጫል።

የዘይት መጠን፦ ሁለቱም ናቸው። የሰሊጥ ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃል። ፍሬው ተረጋግቶ፣ ሳይቸኩል ከሞላ ዘይቱ ይጨምራል። መጨረሻው ላይ ድርቅና ከባድ ሙቀት ከመጣበት መሙላቱ ይቋረጣል። አንድ ዝርያ በአንዱ ዓመት ያሳየው የዘይት መቶኛ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል ማለት አይደለም፤ ኮንትራት ላይ የዘይት መጠን ዋስትና የምትሰጡ ሰዎች በያዝነው ዓመት ምርት ላይ አስመርምሩ፣ ባለፈው ዓመት ወረቀት አትፈርሙ።

ኤፍኤፍኤ፦ ይህ በአብዛኛው የአያያዝ ጉዳይ ነው። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ፣ የተሰበረ ወይም ተባይ የመጠጠው ፍሬ ዘይቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። በሁመራና በመተማ በኩል ነዶው ለማድረቅ ሂላ ላይ በቆመበት ጊዜ ሥር ሥሩን የሚገባ ዘር መጣጭ ትኋን አለ፤ የፍሬውን ዘይት ይመጠዋል። ሂላው ረጅም ጊዜ በቆየ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ዝርያ ቀይራችሁ ይህን አታድኑትም፤ ቶሎ በማራገፍ ነው የሚድነው።

ባዕድ ነገር፦ ከአውድማና ከመጋዘን ነው። ይህ ብቻ ነው በደንብ በማበጠሪያ የሚፈታው።

📌 መደባለቅ፦ ዝም ብሎ የሚበላ ኪሳራ

ነጭ ዘር ወደ ቡናማው አካባቢ ሲገባ የሚመጣ ሌላ ችግር አለ። ሰሊጥ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፤ ንብ በበዛበት ግን ከጎረቤት ማሳም ይቀበላል። መጠኑ በመቶ ጥቂት ቢሆንም ዘሩን በየዓመቱ ከራሳችሁ ማሳ እየያዛችሁ ከቀጠላችሁ ይጠራቀማል። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ የእጅ መደባለቅ ነው፦ አንድ አውድማ፣ አንድ ጆንያ፣ አንድ መጋዘን።

አንድ ሺህ የሰሊጥ ፍሬ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ውስጥ ከ300,000 በላይ ፍሬ አለ። አንድ በመቶ ቡናማ ገባበት ማለት በኪሎ ከ3,000 በላይ ቡናማ ፍሬ ማለት ነው። ለዘይት ጨማቂ ምንም አይደለም። ለጣሂና ወይም ዳቦ ላይ ለሚነሰንስ ገዢ ግን ዓይን ያወጣ ነው። የቀለም መለያ ማሽን ያወጣዋል፤ ሲያወጣው ግን አጠገቡ ያለውን ደህና ነጭም ይዞ ይወጣል፣ ጊዜና ብርም ይበላል።

ሁመራንና ወለጋን እየቀላቀሉ ጭነት መሙላትም ያው ነው። የተቀላቀለው ጭነት ለጣሂና ገዢው ነጭ አይሆንለትም። ዘይት ጨማቂው ደግሞ ለነጭነቱ ምንም አይከፍልም። ሁለት ገዢ ሊኖረው የሚችለውን ዕቃ ገዢ የሌለው ታደርጉታላችሁ። የወለጋ ሰሊጥ ዝቅተኛ ዕቃ አይደለም፤ ሌላ ዕቃ ነው። በራሱ ስም፣ በዘይቱ፣ ለራሱ ገዢ ሲሸጥ ነው የሚያዋጣው።

📌 ለሌሎቹ የቅባት እህሎችም ሕጉ አንድ ነው

ኑግ። እዚህ ሀገር ገበሬው ራሱ ከተመራማሪ ቀድሞ ዝርያን ከአየር ጋር አዛምዷል። ክረምቱን ሙሉ ይዞ የሚቆየው «አባት ኑግ» አለ፤ ቶሎ የሚደርሰው ለአጭር ዝናብ ቦታ ነው፤ «መስኖ ኑግ» ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ በመሬቱ የቀረ እርጥበት ይደርሳል። ኑግ ሰሊጥ የማይችለውን የተኛ ውሃ ይችላል። ስለ ዘይት ደግሞ ግሩም ምሳሌ ይሰጠናል፦ የኢትዮጵያ ኑግ ዘይት ሊኖሌይክ የሚባለው አሲድ 75 በመቶ ገደማ ሲሆን የሕንዱ 55 በመቶ አካባቢ ነው። ሰብሉ አንድ ነው። የእኛ የሚበቅለው ቀዝቀዝ ባለ ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ፍሬው በቀዝቃዛ አየር ሲሞላ ይህ አሲድ ይጨምራል። ኑግ ግን ከሰሊጥ በተለየ ያለ ንብና ያለ ጎረቤት አበባ አያፈራም፤ ስለዚህ ዘሩ ቶሎ ይደባለቃል፣ የተመረጠ ዝርያ ከያዛችሁ ዘሩን ቶሎ ቶሎ ማደስ ይኖርባችኋል።

ተልባ። የደጋ ነው። ቅዝቃዜው ኦሜጋ 3 የሚባለውን ክፍል ይጨምርለታል። ለጤና ምግብ የሚገዛ ገዢ ካላችሁ የደጋውን ለይታችሁ ያዙ።

ለውዝ። እንደ ባቢሌ ባለ ደረቅ ቦታ ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት ድርቅና ሙቀት ከመጣ የአፍላቶክሲን አደጋው ይጨምራል። ቶሎ ደራሽ ዝርያ እዚያ የሚጠቅመው ለምርት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው።

አኩሪ አተር። ዕድሜው ከዝናቡ ርዝመት ጋር መግጠም አለበት፤ ለፓዌና ለወለጋ ዘግይቶ ደራሹ፣ ዝናብ ለሚያጥርበት ቶሎ ደራሹ።

📌 እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለዩኒየኖች፦ ዘር የምትገዙት በስም ሳይሆን በቦታ ይሁን። ለሰሊጥ በሄክታር የሚያስፈልገው ዘር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንድ ኩንታል ዘር ከ20 እስከ 33 ሄክታር ይሸፍናል። ይህ ማለት ጥሩ ዘር መግዛት ከሁሉም ወጪ ርካሹ ነው፤ መጥፎ ዘር ደግሞ በአንድ ኩንታል ብቻ 20 ሄክታር ሊያበላሽ ይችላል። አዲስ ዝርያ ሲመጣ በአንድ ክረምት ለሁሉም አባል አትበትኑት። በተለያየ ቀበሌ በጥቂት አባላት ማሳ ላይ ከአካባቢው ዘር ጎን ዘርታችሁ ሁለት ክረምት እዩት። በአንድ ቀበሌ አንድ ቀለም እንዲሆን አባላትን አስማሙ። ዝናባችሁ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅ ከሆነ መሬቱን ለሁለት ከፍሎ ቶሎና ዘግይቶ ደራሹን መዝራትም ያስኬዳል፤ ሁለቱን ግን ለየብቻ አጭዱ፣ ለየብቻ አከማቹ።

ለነጋዴዎች፦ «የሁመራ ዘር ነው» የሚል ወሬ ዋጋ አይጨምር። ዕቃው የት እንደበቀለና አጨዳው ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ጠይቁ። እፍኝ ወስዳችሁ በወንፊት ንፉት፤ ከሥር የሚወርደውን መዝኑ፤ ዋጋውን ከዚያ ተነስታችሁ ቁረጡ። የማበጠሪያ ቅናሹን አስቀድማችሁ ካላሰባችሁት ያኔ ከትርፋችሁ ነው የሚወጣው።

ለላኪዎች፦ መነሻውን በኮንትራት ስትጽፉ የምታገኙትን ጻፉ። የመተከል ነጭ ካላችሁ የመተከል ነጭ ብላችሁ ሳምፕል ላኩ፤ የሚወደው ገዢ አለ። የሁመራ ብላችሁ ልካችሁት ወደብ ላይ የሚመጣው ክርክር ከምታተርፉት ይበልጣል፤ ደግሞም የሁመራን ስም የሚገድለው ይህ ነው። ስሙ የሁላችንም ገንዘብ ነው፤ ከተበላሸ በሚቀጥለው ዓመት ትክክለኛውን የሁመራ ሰሊጥ ይዞ የሚቀርበው ሰው ራሱ ቅናሽ ይጠየቃል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስና፦ የሁመራ ዘር ወለጋ ቢዘራ የወለጋ ነጭ ሰሊጥ ይሆናል፤ እሱም ከደረሰ። ለወለጋ የወለጋው፣ ለቆላው የቆላው ዘር አለላችሁ። እዚያው ተሻሽሎ የወጣውን ያዙ፣ ለሚወደው ገዢ ሽጡ።

በአካባቢያችሁ ዘንድሮ የትኛውን ዝርያ እንደዘራችሁ፣ ዝናቡ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ በኮመንት ጻፉልን። ለዩኒየናችሁና ዘር ሊገዛ ላለ ሰው አጋሩት።

መልካም ገበያ!